አሳቂና መሳቂያ

አክስቴ ስትስቅ አፏን አትሸፍንም። ደሴ ውስጥ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ሳቅ ሲመጣባት ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች፤ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማረን ነገር አይደለም፣ ከእናቶቻችን አይተን የያዝነው ነው። እሷ ግን አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ነው የምትስቀው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ከሰል ላይ እያለ፣ በስልኬ ያሳየኋት አንዲት አሜሪካዊት እንደዚያ አሳቀቻት። ሴትዮዋ ከሞተች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። አክስቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታውቅም።

«ማን ናት?» አለችኝ፣ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«ሉሲል ቦል ትባላለች። ሉሲ ይሏታል።»

«ያቺ አፋር ላይ አጥንቷ የተገኘው?»

«አይደለችም እትዬ። ይቺ የቴሌቪዥን ተዋናይ ናት።»

ያሳየኋት «አይ ላቭ ሉሲ» ከሚባለው ተከታታይ ኮሜዲዋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1952 የተላለፈ ክፍል ነው። ሉሲና ጎረቤቷ ኤቴል ከባሎቻቸው ጋር የማን ሥራ ይከብዳል በሚል ይጨቃጨቁና ለመለዋወጥ ይስማማሉ፤ ወንዶቹ ጓዳ ይገባሉ፣ ሴቶቹ ቸኮሌት ፋብሪካ ይቀጠራሉ። መጀመሪያ ሉሲን የቀለጠ ቸኮሌት የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ከአንዲት ዝምተኛ ሴት ጎን ያቆሟታል። ሴትዮዋ ጣቶቿን ቸኮሌቱ ውስጥ እየነከረች፣ እያገላበጠች፣ እየደረደረች ትሠራለች። ሉሲ በጎን ዓይኗ እያየች ትከተላታለች፣ አይሳካላትም፣ እንደተሳካላት ሰው ግን ትንቀባረራለች። ኋላ ከኤቴል ጋር ወደሚጓዘው ቀበቶ ይወስዷቸዋል። ቸኮሌቶቹ በተርታ ይመጣሉ፤ እነሱ እያንዳንዱን በወረቀት ይጠቀልላሉ። አለቃቸው አንዲት ሳይጠቀለል ካለፈች ሁለታችሁም ተባራችሁ ብላቸው ሄዳለች። ቀበቶው ይፈጥናል። የተረፈውን መጀመሪያ ይጎርሳሉ፣ ከዚያ ቆባቸው ውስጥ ይደብቃሉ፣ ከዚያ ሉሲ በደረቷ ትከታለች። አለቃቸው ተመልሳ ቀበቶው ላይ ያልተጠቀለለ ነገር ስታጣ በሥራቸው ረክታ ወደ ማሽኑ ዞራ ትጮኻለች፦ ፍጥነቱን ጨምሩት!

አክስቴ እዚህ ላይ ነው ጣሪያውን ያየችው። ሳቋ ሲበርድ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችውና «መልሺልኝ» አለች። መለስኩላት። «እዚህ ጋ አቁሚው» አለች። አቆምኩት። ጣቷን ያሳረፈችው ሉሲ ላይ አልነበረም፤ ከጎኗ በቆመችው በዝምተኛዋ ሴት ላይ ነበር።

«ይቺኛዋ ተዋናይ አይደለችም። እጇን እዪው። ዓይኗ ሳይከተለው ነው የሚሠራው።»

አክስቴ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ 22 ዓመት የክር ማሽን ላይ ሠርታለች። ክር ሲበጠስ ማሽኑ ሳይቆም ፈልጎ ማግኘት፣ መቀጠል፣ ወደሚቀጥለው መሮጥ ነበር ሥራዋ። አሁንም ቁጭ ብላ ስታወራ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ሳታዝዛቸው ይፋተጋሉ፤ የሌለ ክር ይቀጥላሉ። በዚያ ሌሊት ከተኛች በኋላ ስለዚያ ክፍል የተጻፈውን አገላብጬ አነበብኩ። አክስቴ ልክ ናት። ከሉሲ ጎን የቆመችው ሴት ለዚያ ትዕይንት ተብላ ከሥራዋ የመጣች እውነተኛ የቸኮሌት ሠራተኛ ነበረች።

ስለዚች ኮሜዲያን መጻፍ የፈለግሁት ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ነው። በሳቅና በሥራ መካከል ያለውን ነገር ከዚያ በፊት በዚያ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሉሲል ቦል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1911 በኒው ዮርክ ግዛት ጄምስታውን በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናት በታይፎይድ ሞተ። ከእናቷ ወላጆች ቤት አደገች። አያቷ ልጆቹን ይዞ ወደ ቲያትር መሄድ የሚወድ ሰው ነበር ይባላል፤ ቤቱን ያፈረሰው ግን የዚሁ ደግ አያት ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ለሉሲል ታናሽ ወንድም ጠመንጃ ገዛለት። ጓሮ ውስጥ ልጆች ዒላማ ሲተኩሱ ጥይቱ የጎረቤት ልጅ አገኘ፤ ልጁ ሽባ ሆነ። የልጁ ቤተሰብ ከሰሰ፣ አያትየው ተረታ፣ ቤቱም ሄደ። የወሎ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ማብራሪያ አይፈልግበትም። በአንድ ቀን የተዘጋ ደጃፍ እኛም ሰፈር አለ።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ እናቷ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ የትወና ትምህርት ቤት ልካት ነበር። በዚያ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ኮከብ ኋላ ስመ ጥር የሆነችው ቤቲ ዴቪስ ናት። ሉሲል ከፍርሃቷ የተነሳ ድምፅ ማውጣት አቃታት። ትምህርት ቤቱም ለእናቷ ገንዘብሽንም ጊዜሽንም አታባክኚ ሲል አሳወቀ። መምህር ስለሆንኩ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። «ይቺ ልጅ አትሆንም» የሚለውን ፍርድ የሰጠ ሰው በዚያ ቀን ሥራውን በአግባቡ የሠራ መስሎት ቤቱ ገብቶ ይሆናል። እኔስ ስንቷን ዓይን አፋር ከኋላ ወንበር ላይ ትቻት አልፌያለሁ?

ቀጥሎ ያለውን ዘመን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። ልብስ ለማሳየት ተቀጠረች፣ ታማ ለረጅም ጊዜ እግሯ አልታዘዝ አላት፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ሆሊውድ ገብታ በጀርባ ከሚቆሙት ቆነጃጅት አንዷ ሆነች። አርኬኦ በሚባለው ስቱዲዮ ደመወዝተኛ ሆና በርካሽ ፊልሞች ላይ ስትታይ ቆየች። ኤምጂኤም ሲወስዳት ፀጉሯን ቀይ ቀቡት። ዓለም ያወቃት በዚያ ቀይ ፀጉር ነው፤ ግን ዓለም ያወቃት በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ስለሆነ፣ ቀይነቱን ያየው ሰው ጥቂት ነው። ውብ ሴት ነበረች። ለዓመታት የተከፈላትም ለውበቷ ነው። 40 ዓመት ሊሞላት ሲል ግን ያንን ውብ ፊት ወስዳ አጣመመችው፣ አሳበጠችው፣ ዱቄትና ቸኮሌት ቀባችው፤ ያኔ ነው ሰው ስሟን የያዘው።

አክስቴ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠማትም። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ቡድን ሲቋቋም ልጃገረድ ነበረች። ሰው መምሰል ትችላለች። የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ፣ አዋላጇን፣ እህል ሲሰፍር አውራ ጣቱን ቁና ውስጥ የሚደብቀውን ነጋዴ፣ ሁሉንም አንድ ነጠላ ብቻ ይዛ ታመጣቸዋለች፤ ነጠላው ጥምጣም ይሆናል፣ ሽርጥ ይሆናል፣ የታዘለ ሕፃን ይሆናል። መልማዮቹ ቤት ድረስ መጡ። አያቴ ቡና አስፈልቶ አስተናገዳቸውና ሲጨርሱ አንድ ነገር ተናገረ፦ «ልጄ የሰው መሳቂያ አትሆንም።» ነገሩ በዚያው አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ኮምቦልቻ ወርዳ ማሽን ላይ ቆመች።

አያቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘፈን ቢሆን ይፈቅድላት እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ወሎ ለድምፃዊት ሴት ልቡ ክፍት ነው። ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለአገር የሰጠ ምድር ነው፤ የላሊበላ ኪነት ዘመንን ያየ ሰው ማሪቱ ለገሰ ስትነሳ ፊቱ ይበራል። ለዘፋኟ ክብር አለን፣ ለለቅሶ አውራጇ ክብር አለን፣ በዱበርቲ መካከል ዱዓ ለምታደርገዋ እናት ክብር አለን። ለምታስቅ ሴት ግን ወንበር አላዘጋጀንላትም። «ቀልደኛ ናት» ስንል እንኳ ግማሹ ሐሜት ነው። አማርኛችን ራሱ ሁለቱን ቃላት አጠገብ ላጠገብ አስቀምጧቸዋል፦ አሳቂና መሳቂያ። አንደኛዋ ሳቁን በእጇ ይዛ ለፈለገችው የምትሰጥ ናት። ሁለተኛዋ ሌላው ሳቁን የሚጥልባት ናት። አያቴ ሁለቱን ለይቶ ማየት አልቻለም። ብዙዎቻችን ዛሬም አንለይም።

በቴሌቪዥን የመጡልን ሴቶች ይህንን በር በጥቂቱ ገፋ አድርገውታል። ሰብለ ተፈራ በ«ቤቶች» ድራማ ላይ ትርፌን ሆና ስትመጣ በእኛ ሰፈር ሕፃን አዋቂው ስሟን ይዞት ነበር። በ2008 ዓ.ም. አዲስ ዓመት መግቢያ ላይ በመኪና አደጋ ስትሞት አክስቴ የቤት ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። «ዘመድ ነበረች እኮ» አለችኝ፤ አግኝታት አታውቅም።

ወደ ሉሲል ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1940 ኩባዊውን የሙዚቃ ሰው ዴዚ አርናዝን አገባች። በዕድሜ የምትበልጠው እሷ ነበረች፣ በስድስት ዓመት ገደማ። ሬዲዮ ላይ የባለትዳሮች ኮሜዲ ስትሠራ ቆይታ ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ ወደ ቴሌቪዥን ላምጣሽ ሲላት፣ ባሌን የሚጫወተው ባሌ ካልሆነ አልሠራም አለች። ኃላፊዎቹ አሜሪካዊት ሴት የውጭ ንግግር ዘይቤ ያለው ኩባዊ አግብታ ተመልካች አይቀበለውም ብለው አንገራገሩ። ባልና ሚስቱ አልተከራከሩም፤ ትዕይንታቸውን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1950 በየከተማው መድረክ ዞሩና ሕዝቡ እየሳቀ መሰከረላቸው። «አይ ላቭ ሉሲ» እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15 ቀን 1951 ተጀመረ። ስድስት ዓመት ቆየ።

እዚህ ጋ አንድ የገንዘብ ጉዳይ አለ፤ ስለ አርቲስት ስንጽፍ ሁልጊዜ የምንዘለው ስለሆነ ቆም ብዬ ልናገረው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ፕሮግራም ከኒው ዮርክ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ለሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚደርሰው ከቴሌቪዥን መስኮት ላይ እንደገና የተቀረጸ ደብዛዛ ምስል ነው። ሉሲልና ዴዚ ካሊፎርኒያ መኖር ፈለጉ። ስለዚህ እውነተኛ ተመልካች ፊት፣ በሦስት የፊልም ካሜራ በአንድ ጊዜ እንቅረጽ አሉ። ካርል ፍሮይንድ የሚባል አንጋፋ የካሜራ ባለሙያ፣ ካሜራዎቹ መብራት ሳይቀየር ከየአቅጣጫው የሚቀርጹበትን ዘዴ አበጀላቸው። ወጪው ሲንር ጣቢያው ቅር አለው፤ እነሱም ደመወዛችን ይቀነስ፣ በምትኩ ፊልሙ የእኛ ይሁን ብለው ተስማሙ። አንድ ጊዜ ታይቶ ያለፈ ትርዒት ደግሞ ማን ይፈልገዋል? እንደዚያ ነበር የሚታሰበው። ሰው ግን ደግሞ ፈለገው፣ ደግሞ ደጋግሞ። ድርጅታቸው ዴዚሉ የክፍሎቹን መብት በሚሊዮኖች ለሲቢኤስ ሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ የአርኬኦን ስቱዲዮ ገዛ። ያ በርካሽ ፊልም ደመወዝተኛ የነበረችበት ግቢ ነው። በተቀጣሪነት በገባችበት በር ባለቤት ሆና ገባች።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ በየቡናው እሰማው ነበር፤ የሚተርቱት ደግሞ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሉሲልና ዴዚ እ.ኤ.አ. በ1960 ተፋቱ። እ.ኤ.አ. በ1962 የእሱን ድርሻ ገዝታ ዴዚሉን ብቻዋን ያዘችው፤ ትልቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ በበላይነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በእሷ ዘመን ነው «ስታር ትሬክ»ና «ሚሽን ኢምፖሲብል» የተባሉት ተከታታይ ድራማዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ከዚያ ግቢ የወጡት። «ስታር ትሬክ» ብዙ ገንዘብ ይበላል ብለው የቦርድ ሰዎቿ ሲያጉረመርሙ ይሁን ያለችው እሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1967 ድርጅቱን በ17 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ቴሌቪዥን ላይ በየሳምንቱ ነገር የምታበላሽ፣ ከባሏ ገንዘብ የምትደብቅ፣ ሒሳብ የማይገባት ሴት ሆና ሀገር ስታስቅ የኖረች ናት።

ለአክስቴ ይህንን ስነግራት አልተገረመችም። «ማሽኑ ላይ ስትቆሚ የሚያሳዝንሽ ክሩ አይደለም» አለችኝ። «ክሩ የማን እንደሆነ ነው።»

ከዚያ ትርዒት ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል ግን የእርግዝናው ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሉሲል አረገዘች። እርጉዝ ሴት በቴሌቪዥን ማሳየት ነውር ነበር፤ እንደብቃት፣ ከወንበር ጀርባ እናስቀምጣት የሚል ሐሳብ ሁሉ ተነስቷል። እነሱ ግን እርግዝናውን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት። ጽሑፉን አንድ ቄስ፣ አንድ ፓስተርና አንድ የአይሁድ ረቢ እያነበቡ ነውር የለበትም እንዲሉ ተደረገ፤ ያም ሆኖ «እርጉዝ» የሚለውን ቃል መጠቀም አልተፈቀደም። እዚህ ላይ አማርኛ ለእነሱ ምንኛ በጠቀማቸው ብዬ አሰብኩ። እኛ አገር ይህን ነገር በቀጥታ የሚጠራው የለም። «ነፍሰ ጡር» እንላለን፣ «ድርስ ናት» እንላለን። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የምትለውም፣ በዱበርቲ ዱዓ የምታደርገውም የወሎ ሴት አንድ ሰፌድ ቆሎ ዙሪያ ተቀምጠው ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1953 ተፈጸመ። ጠዋት ሉሲል ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ሉሲ ወንድ ልጅ ወለደች። 44 ሚሊዮን ሰው አየው። በማግስቱ የፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን ቃለ መሐላ ያየው 29 ሚሊዮን ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አንድ ወረቀት ሊጥላት ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 ያን ሶሻሊስት አያቷን ለማስደሰት ስትል ለኮሚኒስት ፓርቲ መራጭነት ተመዝግባ ኖሯል። አሜሪካ ያኔ ኮሚኒስት የሚታደንባት አገር ናት፤ መርማሪዎች ጠየቋት፣ ጋዜጦች ጻፉ። የዚያን ሳምንት ቀረጻ ሊጀመር ሲል ዴዚ ተመልካቹ ፊት ወጥቶ በሉሲ ላይ ቀይ ነገር ቢኖር ፀጉሯ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን የራሷ አይደለም አለ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ነገሩ አለፈ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ደሴ ውስጥ በአንድ ወረቀት ላይ ስሙ በመገኘቱ ያልተመለሰ ልጅ የነበረው ቤት ከእኛ ግቢ ሁለት አጥር አልፎ ነው። በሳቅ ማምለጥ የሚቻልበት አገርም አለ፣ የማይቻልበትም አለ።

ቴሌቪዥንና ወሎ የተገናኙበትን መንገድ ሳስብ ልቤ ይከብዳል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀያየረ አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ ካሜራው በ1977ቱ ረሃብ ተመልሶ መጣ። ዓለም ወሎን በመስኮት ያያት ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም እያለቀሰች። የታየው ሐሰት አልነበረም። ግን ያ ካሜራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ወይም አንድ ቤት አልፎ ቢገባ፣ በሠልስት ላይ የሟችን ሚስት እህል እንድትቀምስ ለማድረግ የሟቹን አረማመድ እያስመሰለች የምታስቅ ሴት ያገኝ ነበር። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቷ የሞተባት ጎረቤታችን ሦስት ቀን ውኃ እንጂ እህል አልቀመሰችም ነበር። አክስቴ ገብታ፣ ሰውየው ከመስጊድ ሲመለስ ጫማውን ፍለጋ በየደጃፉ የሚያደርገውን ነገር አንድ በአንድ አመጣችው። ጎረቤታችን መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ቀጥሎ እንጀራውን ቆረሰች። ያቺን ሴት መሳቂያ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ እኔ አልስማማም።

ሉሲል ቦል ራሷን አስቂኝ ሰው አድርጋ አታይም ነበር፤ ደፋር ነኝ ትል ነበር ይባላል። ሥራዋን ላየ ሰው ይህ ትክክል ነው። በስክሪፕቱ ላይ ያለውን ሳምንቱን ሙሉ ትለማመዳለች፤ የምትይዘውን ዕቃ፣ የምትወድቅበትን ቦታ፣ አንገቷን የምታዞርበትን ቅጽበት ደጋግማ ትለካለች፤ ከዚያ 300 ያህል ተመልካች ፊት ያለምንም ልምምድ የደረሰባት ነገር አስመስላ ትሠራዋለች። ከወይን ረጋጭ ሴት ጋር በገንዳ ውስጥ ስትታገልም፣ መስተዋት የሆነላትን ኮሜዲያኑን ሃርፖ ማርክስን ስትከተልም፣ ከሥር የተዘረጋው ልምምድ አይታይም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደስ አይሉም። እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ75 ዓመቷ፣ አዲስ ተከታታይ ጀምራ ስምንት ክፍል ከተላለፈ በኋላ ተቋረጠባት። በዚያው ታኅሣሥ በዋሽንግተን የኬኔዲ ማዕከል ክብር ሲሰጣት ዴዚ ከሞተ ገና አምስት ቀኑ ነበር፤ ከመሞቱ በፊት የጻፈላት ደብዳቤ በመድረኩ ላይ ተነበበ። «አይ ላቭ ሉሲ» ሉሲን እወዳታለሁ ማለት ነው፤ እሱም በደብዳቤው ያ የትርዒት ርዕስ ብቻ እንዳልነበረ ነው የጻፈው። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ፊት በማጣመም የኖረች ሴት ፊቷን ለመያዝ ስትታገል ይታያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1989 አረፈች።

አንድ ነገር ልጨምር። ያደገችበት መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 የነሐስ ሐውልት አቆመላት፤ ፊቱ በጣም አስፈሪ ሆኖ ስለወጣ ሰው ተቆጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሌላ ተተካ። ለምን ተቆጡ? ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን ስታበላሽ ሲስቁ የኖሩ ሰዎች አይደሉም እንዴ? እኔ የሚመስለኝ፣ እሷ ራሷ ስታጣምመው ፊቱ የእሷ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስላለች ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የድራማ ክበቡ ኃላፊ ነኝ። ያንን የቸኮሌት ትዕይንት ለክበቡ አባላት አሳየኋቸው። ልጅቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። «መምህር፣ ይሄ እኮ ወፍጮ ቤት ነው!» አለች። ለወላጆች ቀን የሚቀርብ አጭር ድራማ በሁለት ሳምንት ጻፈች። ወፍጮ ቤት አዲስ የተቀጠረች ሴት አለች፤ ዱቄቱ ማዳበሪያው ውስጥ ከምትሰበስበው በላይ ይፈሳል፤ በሻሽዋ ትይዛለች፣ በቀሚሷ ትይዛለች፣ በመጨረሻ በጫማዋ ትይዛለች።

በሦስተኛው ቀን እናትየዋ መጣች። የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ናት። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ቅንድቧ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «የምበላበትን ሥራ ነው መሳቂያ የምታደርጉት? ልጄስ የሰው መሳቂያ ልትሆን ነው የላክኋት?»

አያቴ የተናገራት ዓረፍተ ነገር ከአርባ ዓመት በላይ ተጉዛ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። የምመልሰውን ብዙ ቀን ሳስብበት የኖርኩ ነበርኩ፤ ያኔ ግን ከአፌ አልወጣም። «እትዬ፣ ይምጡና ልምምዱን ይዩት፤ አይሆንም ካሉኝ ዛሬውኑ አቆመዋለሁ» ብቻ አልኳት።

አዳራሹ በር ላይ ቆማ አየች፤ አልገባችም። ልጅቱ እናቷን አይታ መጀመሪያ ተንተባተበች፣ ቀጥሎ ረሳቻት። ዱቄቱ ሲመጣ ማዳበሪያውን ዘረጋች፣ አፉ ታጠፈባት፣ እንደገና ዘረጋች። ልጆቹ ሳቁ። እናትየዋ አልሳቀችም። ግንባሯን ቋጥራ የልጇን እጅ ነበር የምታየው። ሁለተኛ ጊዜ ሲደገም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በወንበሮቹ መካከል አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች።

«እንዲህ አይያዝም» አለች። ማዳበሪያውን ከልጇ ተቀብላ አፉን ሁለቴ ወደ ውጭ ቀለበሰችው፣ አንዱን ጠርዝ በጥርሷ ያዘች፣ ሌላውን በክርኗ ገፋች፣ በጉልበቷ ከሥር ደገፈችው። ሁለቱም እጆቿ ባዶ ሆኑ። «እጅሽ ለዱቄቱ ነው የሚያስፈልግሽ።»

ልጅቱ ለአፍታ ዝም ብላ አየቻት። ከዚያ ማዳበሪያውን ወስዳ ጠርዙን በጥርሷ ነከሰች፤ ክርኗ አልደርስ አላት።

«እንደገና አሳዪኝ» አለች።